ትከሻ የሚያሳብጥ ጠመንጃ የአዳኝነት ማስረጃ አይደለም

ስለ ጠመንጃ መጻፍ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚገባ ሥራ ነውን? ብሎ የሚጠይቀን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ጠመንጃ በአገራችን ደጋ እንደ ማረሻ ሁሉ በየቤቱ የሚታወቅ ዕቃ ነው፤ ስለ ማረሻ የሚጽፍ ተማሪ ካለ፣ ስለ ጠመንጃም በጥሞና የሚያስብ መኖር አለበት። በተለይም እኛ ከላስታ የመጣን ተማሪዎች፣ ላሊበላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እደጃፏ የደረሰባት ከተማ መሆኗን ስለማንረሳ፣ ስለ ጥይት በቀልድ ማውራት አይሆንልንም። ስለዚህ የምንናገረው በቁም ነገር ነው፤ የምንናገረውም ስለ አደን ነው።

ብዕር እንድናነሣ ያደረገን በየዕረፍቱ ሰዓት የሚሰማ አንድ አነጋገር ነው። «የማይራገጥ ጠመንጃ ምኑን ጠመንጃ ሆነ!» ይባላል። ሲተኮስ ትከሻን የሚያሳብጥ፣ ጉንጭን የሚያቀላ፣ ተኳሹን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚገፋ ጠመንጃ የወንድ ጠመንጃ ተብሎ ይመሰገናል፤ ምቱ የቀለለው ግን የልጅ መጫወቻ ተብሎ ይናቃል። እኛ ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው እንላለን። ስሕተትነቱም የአነጋገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር፤ ዳሩ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ተናጋሪው ሳይሆን፣ ሆዱ ላይ ወይም እግሩ ላይ ተመትቶ በየገደሉ ሥር ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድረው እንስሳ ነው።

አስቀድመን የምንነጋገርበትን እንስሳ እንወቅ። የውጭ አገር የአደን መጻሕፍት ምክራቸው ሁሉ የሚሽከረከረው ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ በሚያበቅለው በዋላ ላይ ነው። ይህ እንስሳ በኢትዮጵያ ዱር የለም፤ በመላው አፍሪካም ቢሆን በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዝያ ጥግ ብቻ ነው። የእኛዎቹ ድኩላና አጋዘን፣ ሚዳቋና ሰስ ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘው የሚኖሩ፣ በወገን ከበሬና ከፍየል ጋር የሚቈጠሩ ናቸው። ነገር ግን ጥይት ለመምረጥ ስሙ ሳይሆን የሰውነቱ መጠን ነው የሚያስፈልገን። ወንዱ ድኩላ ከ80 ኪሎ እምብዛም አያልፍም፤ ሰስማ 20 ኪሎም አይደርስ። እንግዲህ ስለ ዋላ የተጻፈው ምክር ለድኩላ ይሠራል ማለት ነው፤ ድኩላን ለመጣል የጎሽ ጥይት የሚጭን ሰው ግን ዝንብን በዘነዘና እንደሚያባርር ይቈጠራል።

ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። የጠመንጃ ርግጫ ምንድን ነው? የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆንም ኒውተንን ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ተምረነዋል። አረሩና የሚቃጠለው ባሩድ ወደ ፊት በሚወጡበት ግፊት ልክ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ምቱን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ የአረሩ ክብደት፣ የአረሩ ፍጥነት፣ የባሩዱ መጠን፣ የጠመንጃው ክብደት። የቀሩት ሁሉ፣ የሰደፉ ቅርጽም ሆነ የትከሻው ትራስ፣ ምቱን የሚያከፋፍሉ እንጂ የሚያጠፉ አይደሉም።

ሒሳቡን በግርድፉ ሠርተን እነሆ። 4 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ እንውሰድ። አንድ ኪሎ ክብደት ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚያሳርፈው ጉልበት 10 ጁል ያህል መሆኑንም እናስታውስ። 6.5 ግራም አረር የሚወረውረው ባለ 243 ዊንቸስተር 11 ጁል ገደማ ይመታል። የስዊድኖች 6.5 በ55፣ 9 ግራም ባለው አረሩ፣ 15 ገደማ ይመታል። አባቶቻችን ቤልጅግ እያሉ የሚጠሩት የቤልጅጉ ማውዘር የሚጐርሰው 7.92 ጥይት 22 ገደማ ሲደርስ፣ ዛሬ ሀብታም አዳኞች የሚመኩበት ባለ 300 ዊንቸስተር ማግነም እስከ 33 ይዘልቃል። በአድዋ ጊዜ በብዛት የነበረው ውጅግራ፣ 11 ሚሊሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለውን እርሳስ በጥቁር ባሩድ ሲወረውር፣ 25 ጁል ገደማ ያሳርፍ ነበር። እንግዲህ ከትንሹ እስከ ትልቁ ልዩነቱ ሦስት እጅ ነው። ድኩላው ግን ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ በትክክለኛው ቦታ ከተመታ በአንደኛውም በሌላውም ይወድቃል።

ትክክለኛው ቦታ የቱ ነው? ከፊት እግሩ መጋጠሚያ ኋላ፣ ሳንባና ልብ ያሉበት፣ በድኩላ ላይ ከአንድ ስንዝር ብዙ የማይሰፋ ክብ ነው። አደን ማለት በመጨረሻው ይህን ስንዝር ማግኘት ነው። የሚራገጥ ጠመንጃ ክፋቱም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ሰውነታችን የሚመጣበትን ምት ያውቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመታ በኋላ ሳናዝዘው ራሱን ይከላከላል። ምላጩ ሊሳብ ሲል ዐይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይሸሻል፣ እጅ ይጨብጣል፣ አፈሙዙም ዝቅ ይላል። አፈሙዝ ላይ የአንድ ሚሊሜትር መሳት፣ መቶ ሜትር ላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ስለሚሆን ሳንባውን ስቶ ሆዱን ያገኛል። ተኳሹ ግን ይህን አያየውም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ነበርና! «ጠመንጃው ይስታል» ብሎ ጠመንጃውን ይወቅሳል።

ይህን የሚጠራጠር ቢኖር ቀላል መፈተኛ አለ። ፈቃድ ባለው የተኩስ ሜዳ፣ አስተማሪ ባለበት፣ ጓደኛው ተኳሹ ሳያይ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንድ ጊዜ ባሩድ የሌለው መለማመጃ ጥይት ያጉርስለት። ባዶው ሲደርሰው ምላጩን ስቦ አፈሙዙ ሳይንቀሳቀስ ከቀረ፣ ተኳሽ ነው። አፈሙዙ ወደ መሬት ካጐነበሰ፣ የፈራው ጠመንጃውን ነው። በዚህ ፈተና ስንቱ ፎካሪ አንገቱን እንደሚደፋ ለአንባቢ ግምት እንተወዋለን።

በተራራ አገር ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለው አገር የሚወጣና የሚወርድ ሰው ቀላል ጠመንጃ ይመርጣል። ነገር ግን ጠመንጃው በቀለለ መጠን ምቱ ይከብዳል፤ ያንኑ ባለ 300 ማግነም 3 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ ብንተኩሰው ምቱ ከ33 ወደ 44 ጁል ይወጣል። 6.5 በ55ን በዚያው ባለ 3 ኪሎ ጠመንጃ ብንተኩስ ግን 20 ገደማ ነው፤ ይህም ከከባዱ ቤልጅግ ያንሳል። እንግዲህ ለተራራ ቀላል ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው ቀላል ጥይትም አብሮ መፈለግ ግዴታው ነው። በተጨማሪም በተራራ ላይ ሰው እንደ ሜዳው ተመቻችቶ አይተኩስም፤ ቋጥኝ ተደግፎ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን ቀልብሶ ነው። በዚህ አኳኋን የሚራገጥ ጠመንጃ መነጽሩን ከቅንድብ ጋር ያጋጫል። ሽቅብም ሆነ ቁልቁል የሚተኩስ ሰው አረሩ ከገመተው በላይ ከፍ ብሎ እንደሚያልፍበት ይወቅ፤ የአረሩን መውደቅ የሚወስነው በገደሉ በኩል የሚለካው ርቀት ሳይሆን፣ አግድም የሚለካው ርቀት ነውና። እንዲህ ላለው ስሌት የረጋ ልብና የተከፈተ ዐይን ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ምትን ከሚጠባበቅ ሰው ዘንድ አይገኙም።

ቀላል ጥይት በቂ ስለመሆኑ ምስክር አጥተን አይደለም። ስዊድንና ኖርዌይ 6.5 በ55ን ለጦር ሠራዊታቸው የተቀበሉት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አዳኞቻቸው ከ400 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለውን የሰሜን ታላቅ ዋላ በዚሁ ጥይት ሲጥሉ ኖረዋል። ካራሞጆ ቤል እየተባለ የሚታወቀው ስኮትላንዳዊ አዳኝ፣ በአገራችን ምዕራብ ጠረፍም ያደነው፣ በሕይወቱ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖች ሲገድል አብዛኛዎቹን የጣለው በትንሹ 7 ሚሊሜትር ማውዘር ነው። የዝሆንን እልቂት የምናደንቅ ሆነን አይደለም፤ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ወንጀል እንለው ነበር። በትንሽ ጥይት ዝሆን ይታደን ማለታችንም አይደለም፤ እርሱን መስለው የሞከሩ ሁሉ እንደ እርሱ አልቀናቸውም። ከቤል የምንማረው ሌላ ነገር ነው። የዝሆንን የራስ ቅል ውስጡን ለማወቅ በመጋዝ አሰንጥቆ ያጠና ሰው ነበር። ያሸነፈው በባሩድ ሳይሆን በጥናት ነው፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይኸው አይደለምን?

አሁን ደግሞ የሚቃወሙንን እንስማ። «ከባድ ጥይት ቢስትም ይጥላል፤ ለስሕተት መጠባበቂያ ነው» ይላሉ። ይህ ክርክር ሲሰማ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን ባዶ ነው። በከባድ ጥይት ሆዱን የተመታ እንስሳ ሆዱን የተመታ እንስሳ ነው፤ ሮጦ ዱር ይገባል፤ ሞቱም ይዘገያል። ከባዱ ጥይት የሚጨምረው የመሳቱን ዕድል ሆኖ ሳለ፣ ለመሳት መድኃኒት ነው ብሎ ማቅረብ፣ በሽታውን የሚያመጣውን ሰው ሐኪም ብሎ እንደ መሾም ነው። የቆሰለ ወንድ ድኩላ ደግሞ ጫካ ውስጥ ተሸሽጎ ቆይቶ የተከተለውን ሰው በቀንዱ እንደሚወጋ አዳኞች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ መጥፎ ተኩስ ከጭካኔም አልፎ ለራስ ሕይወት ያሰጋል።

ይሁን እንጂ አሳባችንን አጋንኖ የሚተረጕም እንዳይኖር ድንበሩን እናስምር። አንደኛ፣ ማነስም ልክ አለው። ወፍና ጥንቸል የሚተኰስበትን ባለ 22 ትንሽ ጥይት ይዞ ድኩላ ላይ መተኰስ ግፍ ነው። በባሌና በአርሲ ደጋ የሚኖረው የደጋ አጋዘንም ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ለድኩላ የሚበቃው 243 ለእርሱ አይበቃም። ሁለተኛ፣ «እንግዲያስ ምቱ የቀለለ ክላሽንኮቭ አለልን» የሚል ወዳጅ አይታጣም። እውነት ነው፤ የክላሽ ጥይት 8 ግራም አረር ያለው፣ ርግጫውም ቀላል ነው። ነገር ግን የጦር ጥይት አረሩ ዙሪያውን በብረት ልብስ የተሸፈነ ስለሆነ፣ በሥጋ ውስጥ እንደ አደን አረር አይፈነዳም፤ ብዙ ጊዜ ቀጭን ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል። እንስሳውም ቆስሎ ያመልጣል። የአደን አረር አፉ ለስላሳ ሆኖ፣ ሲመታ እንዲሰፋ ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የምት መቅለል ብቻውን አይበቃም፤ የአረሩ ዓይነት እኩል ይታሰብበታል። ጥይት በተከታታይ የሚተፋ መሣሪያም ቢሆን የጦር እንጂ የአደን ዕቃ አይደለም።

ታዲያ ምን እንምረጥ? ለድኩላ መጠን ላለው እንስሳ 243 ዊንቸስተር፣ 6.5 በ55፣ ወይም 7 በ57 ማውዘር ይበቃሉ፤ ከእነዚህ በላይ መሄድ ትርፉ የትከሻ ሕመም ነው። አንድ ከባድ ጠመንጃ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ጠመንጃውን መጣል አይገባውም። ፋብሪካዎች ባሩዱን ቀንሰው፣ አረሩን አቅልለው የሚያወጡት ለዝቅተኛ ምት የተዘጋጀ ጥይት አለ። ሩቅ አይሄድም፤ ነገር ግን እስከ 150 ሜትር ላለው ተኩስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መተኰስስ ከመቶው ስንቱ ይችላል? ሆኖም ባሩድን በግምት መቀነስ በገዛ እጅ የሚሞከር ነገር አይደለም። ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ያለ ልክ ሲያንስም ጠመንጃን ሊያፈነዳ የሚችል የባሩድ ዓይነት አለና። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ምት ማብረጃም ትከሻን ያሳርፋል፤ ጆሮን ግን ያደነቍራል፤ አጠገብ የቆመውን መሪ ጭምር። ሰደፉም ከሰው ቁመት ጋር ይለካ። ለረጅም አውሮፓዊ የተሠራ ሰደፍ አጭር ክንድ ላለው ሰው፣ በተለይም ለመተኰስ ለሚማሩ እኅቶቻችን፣ አቋቋም ያበላሻል፤ የተበላሸ አቋቋም ደግሞ ቀላሉን ምት ከባድ ያደርገዋል። ሁሉም ሰው የሚጀምረው በትንሹ ባለ 22 ይሁን። ዐይኑና ጣቱ ከለመዱ በኋላ ወደ ላይ ይውጣ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

አንዳንዶች ይህ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው፣ የእኛ ወግ ሌላ ነው ይሉን ይሆናል። እኛ ግን የአገራችን ታሪክ ከእኛ ጋር ነው እንላለን። በአገራችን የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ የሚያገለግልበት ዘመን ነበር። አንድ ጥይት ማባከን አንድ ገንዘብ መጣል ስለሆነ፣ ያለ ዒላማ የሚተኩስ ሰው በሚስቱ ዘንድ እንኳ አይከበርም። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሰም ላይ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ሲዋጉ፣ ሠራዊታቸው በቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ካሣ ግን የእንግሊዝ ጦር ትቶላቸው የሄደውን መሣሪያና በሥርዓት የሠለጠነ ጥቂት ጦር ይዘው ድል አደረጉ። ያ ቀን ላስታን ያስተማራት ብዛትና ግዝፈት ሥልጠናን እንደማይተካ ነው። ከዚያም በፊት የላሊበላ ድንጋዮች ይህንኑ ተናግረዋል። ቤተ ጊዮርጊስን ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች የፈለፈሉት እጆች ያን ሥራ የሠሩት በግዙፍ ምት አይደለም፤ መሮው የሚያርፍበትን ቦታ በማወቅ ነው። አንድ ከባድ ምት በተሳሳተ ቦታ ቢያርፍ ኖሮ ዓምዱ ተሰንጥቆ ቤተ መቅደሱ ባልኖረ ነበር። እንዲህ ያለ ቅርስ ያለው ሕዝብ ልጅ፣ ግዝፈትን ከብልሃት አስበልጦ ሲያመሰግን መስማት ያሳፍራል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቍጥር 541/1999 ይህን ወስኗል። በፈቃድ የሚታደነውም ለአደን በተከለሉ ሥፍራዎች፣ እንደ ሙኔሳና እንደ ኦዶ ቡሉ ባሉት ነው። አቡነ ዮሴፍ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። በዚያ ተራራ ጭላዳና ሰስ ይኖራሉ፤ በመላው ኢትዮጵያ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎችም ጥቂቶቹ መጠጊያቸው እዚያ ነው። ስለዚህ ለላስታ ልጆች የምንሰጠው ምክር ከሁሉ የቀለለው ጥይት ነው፤ እርሱም ያልተተኰሰው ነው። ለተራራው እንስሳ ዐይናችንና ካሜራችን ይበቁታል፤ እንግዳም አገር አቋርጦ የሚመጣው በሕይወት ያለውን ሊያይ ነው።

ማደን በተፈቀደበት ቦታ ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። በኖርዌይ ትልልቅ አውሬ የሚያድን ሰው በየዓመቱ የተኩስ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ከፈተናውም በፊት 30 ጥይት መለማመዱን ያሳያል። ፈተናውን የሚወስደውም አደን ላይ በሚይዘው በራሱ ጠመንጃ ነው። የሚራገጥ ጠመንጃ የሚወድ ይያዝ፤ ነገር ግን በእርሱ ስንዝሯን መምታቱን አስቀድሞ ያሳይ! የእኛም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ አዳኙ የውጭ አገር ሰውም ይሁን ያገር ልጅ፣ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት እንዲህ ያለ ፈተና በጥብቅ ቢጠይቅ፣ የገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን የእጁም ሥልጣኔ ይታይ ነበር። እንዲህ ያለው ፈተና ብዙ ክርክር ያስቀራል። ትከሻቸው ያበጠው በአንድ ወገን፣ ዒላማቸውን የመቱት በሌላ ወገን ይለያሉና።

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች! ፉከራ የሚጥመው በሠርግና በድግስ ነው። ምላጭ የሚስብ ሰው ግን ከፊቱ ነፍስ ያለው ፍጥረት መኖሩን ያስብ። ያንን ፍጥረት በአንድ ጥይት፣ ያለ ሥቃይ ለመጣል እርግጠኛ ያልሆነ ሰው፣ ጠመንጃው ምንም ያህል ቢራገጥ፣ ምላጩን የመንካት መብት የለውም ብለን እናምናለን።